ታዘህ ነው የሳልከው ወይስ ስለህ የሸጥከው? ደሴ ፒያሳ ያለው የጠበቃ ቢሮ ለኛ ለሰዓሊዎች እንዴት ነው

ሰሞኑን ሁለት ሶስት ልጆች "የውል ነገር ማን ጋ ነው የምታሰራው" ብለው ስለጠየቁኝ አንዴ ፅፌው ልገላገል ብዬ ነው። ቢሮው ደሴ ፒያሳ ነው፣ ከስር ጨርቅ መሸጫ ያለበት ህንፃ ሶስተኛ ፎቅ፣ ታፔላው ላይ ጠበቃና የህግ አማካሪ ከሚለው በቀር ምንም የለም፣ ስለ ስዕል ስለ አርት የሚል ነገር እንዳትፈልጉ። የጠበቃውን ስም አልፅፍም፣ አንደኛ ማስታወቂያ ይመስልብኛል፣ ሁለተኛ ደግሞ የማማው ነገርም ስላለ ያለ ስም ይሻላል። ከ2016 መጀመሪያ ጀምሮ አራት ውል፣ አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤና የግብር ጣጣዬን እዛ ነው የጨረስኩት፣ ስለዚህ ከፍዬ ያየሁትን ነው የምላችሁ።

መጀመሪያ እንዴት እንደሄድኩ ልንገራችሁ። 2015 ላይ ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል ሶስት ስዕል ፈለገ። ሁለቱን ለሎቢያቸው በልኬት አዘዙኝ፣ አንዱን ግን ቤቴ መጥተው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይተውት ነው የወሰዱት፣ የጦሳን ተራራ ጠዋት ጉም እንደለበሰ የሳልኩት ነው፣ ከስራዎቼ ሁሉ የምወደው እሱን ነበር። ሂሳቡ በቃል፣ ለሶስቱ 45 ሺ፣ 15 ሺውን በእጄ ተቀበልኩ። ውል ማን ይፅፋል፣ የሀገር ልጅ ነን ወላሂ ተባብለን ቡና ጠጥተን ተለያየን። ስራውን አስረክቤ ሂሳብ ክፍል ስገባ ልጅቷ ቲን ቁጥር አለችኝ፣ የለኝም አልኳት፣ እንግዲያው 30 ፐርሰንት ዊዝሆልድ፣ ከክፍያው ላይ ቀድሞ የሚያዝ ግብር ማለት ነው፣ ይቆረጣል አለች። ከ45 ሺ ላይ 13,500 ማለት ነው። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ፣ እሷ አልሳቀችም። የሀረጎን ዳገት ሽቅብ ስንወጣ ሚኒባሱ ውስጥ 16,500 ኪሴ ይዤ የሸራውን የቀለሙን የፍሬሙን ወጪ በልቤ እየደመርኩ፣ ሶስት ወር የሰራሁበት ስራ ለራሴ ምን እንዳስቀረልኝ ሳስበው ከዛ በኋላ መደመሩን ተውኩት።

እሱን ረስቼው ነበር። መስከረም 2016 ላይ አንድ ጓደኛዬ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ፣ ሆቴሉ የአዲስ አመት ካላንደር አሳትሞ በየባንኩ በየሱቁ ያድላል፣ ሽፋኑ ላይ ያለው የኔ ጦሳ ነው። ታች በቀኝ በኩል የነበረችው ፊርማዬ ላይ ሎጎአቸውን ለጥፈውባታል። እንግዲህ በዛ ንዴት ነው ፎቁን የወጣሁት።

ጠበቃው ሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ካላንደሩን ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋሁና ልከሳቸው ነው የምፈልገው አልኩ። መነፅራቸውን አድርገው ስዕሉን አዩት፣ ቆዩበት፣ "ታዘህ ነው የሳልከው ወይስ ስለህ ነው የሸጥከው?" አሉኝ። እኔ ምን ልዩነት አለው ብዬ ነበር፣ ለካ ነገሩ በሙሉ እሷ ጥያቄ ላይ ነው ያለው።

እንደገባኝ ላስረዳችሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ የሚባለው 410/1996 አለ፣ በ2007 ደግሞ በአዋጅ 872 የተሻሻለ ነገር አለው። በዚህ አዋጅ ማንም ሳያዝህ ራስህ የሳልከውን ስዕል ስትሸጥ የሸጥከው ሸራውን ነው፣ ገዢው ይሰቅለዋል፣ የማባዛት የማሳተም መብቱ ግን አንተው ጋ ነው፣ በፅሁፍ ካላስተላለፍክ በቀር ተሽጧል አይባልም። ሰው ቀጥሮህ ወይ አዞህ የሰራኸው ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፣ ሌላ ስምምነት ከሌላችሁ በቀር የኢኮኖሚ መብቱ (ማባዛቱ፣ ማሳተሙ) የመጀመሪያ ባለቤት ያዘዘው ሰው ነው። ይሄን ስሰማ ወንበሩ ላይ ነው የቀረሁት። እኛ እዚህ ከምንሰራው ዘጠና ፐርሰንቱ ትዕዛዝ አይደል እንዴ! የካፌ ግድግዳ፣ የትምህርት ቤት ግድግዳ፣ የሰርግ ፖርትሬት፣ ሎጎ፣ ምኑ ቅጡ። ሁሉንም በቃል እየተስማማን መብቱን በነፃ ስናድል ኖረናል ማለት ነው፣ ደግሞ እኮ ተበደልን ብለን የምንጮኸውም እኛው ነን።

እድሌ ሆኖ ካላንደሩ ላይ የወጣው ያልታዘዝኩት ጦሳ ነው። ከሁለቱ ከታዘዝኩት አንዱን ቢያትሙት ኖሮ ጋሼ "ስለ ገንዘቡ ብዙ ባልረዳህ ነበር" ብለውኛል። ስምህ ግን በየትኛውም ቢሆን ያንተው ነው፣ ስራው የኔ ነው ብሎ ስም ማስጠራት፣ ስራዬ ተቆራርጦ ተበላሸብኝ ብሎ መቃወም የሞራል መብት ይባላል፣ ፊርማዬን በሎጎ መሸፈናቸው እዛ ውስጥ ይገባል አሉ። ለሞራል ጉዳት ካሳው ከ100 ሺ ብር ያላነሰ እንደሆነ አዋጁ ላይ ሲያሳዩኝ አይኔ በራ፣ አልዋሻችሁም ወዲያው መኪና ነገር ማሰብ ጀመርኩ። ጋሼ አይተውኝ ሳቁና "አብሽር የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ደብዳቤ እንፃፍላቸው፣ ክስ የትም አይሄድም፣ ኮምቦልቻ ላይ ስዕል የሚገዛ ስንት ሆቴል አለ?" አሉኝ። መልሱን እሳቸውም ያውቁታል።

ደብዳቤው አንድ ገፅ ተኩል ነበር፣ ስድብ የለው ማስፈራራት የለው፣ የትኛው ስዕል መቼ እንደተሸጠ፣ ምን እንደታተመ፣ በስንት ቀን መልስ እንደምንጠብቅ ብቻ። 1,500 ብር ከፈልኩበት። በሳምንቱ ማናጀሩ ራሱ ደወለ፣ ጋሼ ቢሮ ተቀመጥን፣ ለዛ አመት ካላንደር ብቻ በፅሁፍ ፈቃድ ሰጠሁና 25 ሺ ከፈሉኝ፣ ገና ያልተሰራጨው ካላንደር ላይ በስቲከር ስሜን ለጠፉበት፣ ስቲከሩ ጠማማ ነው ግን አለ። መቼም ማናጀሩ ከዛ ወዲህ ሲያየኝ ስልኩን እንደሚያወራ ሆኖ ነው የሚያልፈኝ። እኔ በውጤቱ ደስተኛ ነኝ፣ ክስ ቢሆን እስካሁንም ፋይል ተሸክሜ የምመላለስ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን አሳፍሮኛል። "የሳልከው አንተ መሆንህን በምን ታሳያለህ" ሲሉኝ እጄ ላይ የነበረው አንድ ስልክ ፎቶ ብቻ ነው። 2014 ላይ ከተማው ሲያዝ ጥለን ወጥተን ስንመለስ ብዙ ስራዬ የለም፣ ፎቶ እንኳን ያላስቀረሁለት ስንት አለ፣ ከዛ እንኳን አልተማርኩም። አሁን ንድፉን፣ ግማሽ ላይ የደረሰውን፣ ያለቀውን እያነሳሁ ለራሴ ኢሜይል እልካለሁ፣ ይሄ የጋሼ ምክር ነው። በነገራችን ላይ ከተማ ውስጥ "ኮፒራይት ላውጣልህ" እያለ 8 ሺ የሚጠይቅ ደላላ አለ፣ እንዳትሸወዱ፣ መብቱ ስራውን ስትሰሩት የሚገኝ ነው እንጂ ስትመዘገቡ የሚሰጥ አይደለም። አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አዲስ አበባ ላይ ስራ ይመዘግባል፣ ጭቅጭቅ ሲነሳ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል፣ ትልቅ ስራ ካላችሁ አድርጉት፣ ግን ያልተመዘገበ ሁሉ መብት የለውም የሚለው ውሸት ነው።

ወደ ውሉ ልምጣ፣ ቢሮው የሚመሰገነው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛ ጊዜ የሄድኩት ደሴ ላይ አንድ የግል ትምህርት ቤት ለግድግዳ ስዕል ጠርቶኝ ነው፣ ራሳቸው ያረቀቁትን ውል ይዤ ሄድኩ። ጋሼ እስክሪብቶ አንስተው መጀመሪያ የሰረዙት "ቀብድ" የምትለዋን ቃል ነው። እኛ ቀብድም እንበለው አድቫንስም እንበለው አንድ ነው የሚመስለን አይደል? አይደለም። በፍትሐ ብሔር ህጉ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ትቶ ከውሉ መውጣት ይችላል፣ ቀብድ የተቀበለ ደግሞ ልውጣ ካለ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ማለት ነው። ስለዚህ ለ80 ሺ ስራ 10 ሺ ቀብድ ብለህ ከተቀበልክ፣ ቀለሙን ገዝተህ ግድግዳውን ፍቀህ ግማሽ ላይ ስትደርስ ሰውየው ሀሳቡን ቀይሮ 10 ሺውን ይብላው ብሎ ሊሄድ ነው። ቅድመ ክፍያ ተብሎ ከተፃፈ ግን የዋጋው አካል ነው፣ እንደፈለገ ጥሎ መውጫ በር አይሆንለትም። አንድ ቀራፂ ጓደኛዬ በዚህ ተቃጥሏል፣ 20 ሺ ቀብድ ተቀብሎ የተሻለ ስራ መጣልኝ ብሎ ሲተወው 40 ሺ መልስ ተባለ፣ የተሻለው ስራ ያስገኘለትን ነው የበላበት።

ከዛ በኋላ ያስገቡልኝ አንቀፆች ናቸው አሁን ለሁሉም ስራ የምጠቀምባቸው። የማባዛት መብቱ የሰዓሊው ሆኖ ይቀራል፣ ትምህርት ቤቱ ግን ለራሱ ብሮሸርና ለፌስቡክ ገፁ ፎቶውን ስም ጠቅሶ መጠቀም ይችላል የሚል። ንድፍ ሁለት ጊዜ በነፃ ይስተካከላል፣ ሶስተኛው ይከፈልበታል የሚል፣ ይቺ ወርቅ ናት፣ "ሰማዩን ትንሽ ሰማያዊ አድርገው" እያለ ወር ሙሉ የሚያመላልስህን ሰው ዝም ታሰኛለች። ግድግዳው እርጥበት ኖሮት ቀለሙ ቢረግፍ ሰዓሊው አይጠየቅም የሚል፣ የደሴን ክረምት የሚያውቅ ይሄን አይስቅበትም። ክፍያው ሶስት ቦታ ተከፍሎ የመጨረሻው ርክክብ በተደረገ በአምስት ቀን። የሁለት ምስክር ፊርማ ደግሞ አትርሱ፣ በፅሁፍ መሆን ያለበት ውል ያለ ሁለት ምስክር ዋጋ የለውም ይላል ህጉ፣ እኔ እስከዛ ድረስ አንድ ሁለት ቦታ የፈረምኳቸው ወረቀቶች ምስክር የሚባል አልነበራቸውም።

ምስክሩ ላይ ቢሮው ራሱ ያስቃል። ምስክር ይዛችሁ ኑ ብሎ ቀድሞ የሚነግራችሁ የለም፣ ደርሳችሁ ነው የምታውቁት፣ ከዛ ፀሀፊዋ በደረጃው ወርዳ ከስር ካለው ጨርቅ መሸጫ ልጁን ትጠራዋለች፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጥቶ ፈርሞ ይወርዳል። በአራቱ ውሎቼ ሶስቱ ላይ ምስክሬ እሱ ነው፣ ከዘመዶቼ በላይ ጉዳዬን ያውቃል።

ሌላው የማማው፣ ውሉን የሚተይቡት ከድሮ ፋይል ላይ እየገለበጡ ነው። የትምህርት ቤቱ ውል መጀመሪያ ሲመጣልኝ አንቀፅ 9 ላይ "ተከራይ ቤቱን በተረከበበት ሁኔታ ለአከራይ ይመልሳል" ይላል። እኔ ምኑን ነው የምመልሰው፣ ግድግዳውን? ስነግራት ፀሀፊዋ "ውይ" አለችና አጠፋችው፣ ሁለተኛው ኮፒ ላይ ግን የኔን የአባት ስም ተሳስታ መጣች። ስለዚህ ምክሬ፣ ጋሼ ጭንቅላታቸው ጥሩ ነው፣ ወረቀቱን ግን ራሳችሁ ከላይ እስከታች አንብቡት፣ አለበለዚያ አከራይ ሆናችሁ ልትወጡ ትችላላችሁ።

አዲስ አበባ ላለ ጋለሪ ሸጦ እንዲከፍለኝ ስራ በአደራ በላክኩ ጊዜም ውሉን እዛው ነው ያሳየሁት። ጋለሪው 40 ፐርሰንት ይወስዳል፣ እሱ የሚጠበቅ ነው አልተከራከርኩም፣ ጋሼ የጠየቁት ግን እኔ ያላሰብኩትን ነው፣ 400 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ቢቀደድ የማን ነው፣ ጋለሪው ውስጥ ቢሰረቅስ፣ ከተሸጠ በስንት ቀን ገንዘቡ ይገባልሃል፣ ስንት ወር ካልተሸጠ ይመለስልሃል፣ የመመለሻውን ትራንስፖርት ማን ይችላል፣ በዲስካውንት ከሸጡት ቅናሹ ከማን ድርሻ ይቀነሳል። የመጨረሻዋ ጥያቄ ብቻ ለጋሼ ለውሉ የከፈልኩትን 3 ሺ መልሳለች፣ ምክንያቱም ጋለሪው በመጀመሪያው ወር ለአንድ ደምበኛ 15 ፐርሰንት ቀንሶ ሸጠ፣ የተቀነሰውም ከነሱ ድርሻ ሄደ።

ለፎቶ ልጆችም አንድ ነገር፣ አብሮኝ የሄደው ፎቶ አንሺ ጓደኛዬ ደንግጦ ነው የወጣው። የኔ የስዕል መብት እኔ እስካለሁ ሆኖ ከሞትኩ በኋላም ለ50 አመት ለወራሾቼ ይቆያል፣ የሱ የፎቶ ግን ካነሳው ጀምሮ 25 አመት ብቻ ነው። "እኔ ሳልሞት ያልቅብኛል ማለት ነው?" ሲል ጋሼ "እድሜ ይስጥህ እንጂ አዎ" አሉት። እስከዛሬ ይሄን እየደጋገመ ያወራዋል።

ሎጎና ዲጂታል የምትሰሩ ግን ትንሽ ትቸገራላችሁ። ጋሼ ሸራ ይገባቸዋል ቬክተር፣ የኮምፒውተር ስዕል ማለቴ ነው፣ አይገባቸውም፣ ሶርስ ፋይል (እንደገና ሊስተካከል የሚችለውን ዋናውን ፋይል) ማስረከብና ፒዲኤፍ ማስረከብ እንደሚለያይ ላፕቶፕ ከፍቼ ነው ያስረዳኋቸው። ከገባቸው በኋላ ግን ጥሩ አድርገው ፃፉት፣ የተመረጠው ሎጎ ሙሉ ክፍያ ሲጠናቀቅ ለደምበኛው ይተላለፋል፣ ያልተመረጡት አማራጮች የዲዛይነሩ ናቸው ብለው። እሷን አንቀፅ ኮምቦልቻ ያሉ ልጆች ከኔ ወስደው እየተጠቀሙባት ነው፣ ለጋሼ አትንገሩብኝ።

የግብሩ ጉዳይ የቢሮው ደካማ ጎን ነው። ማክሰኞና ሀሙስ የሚመጣ አካውንታንት አለ፣ ይመጣል ይባላል ማለቴ ነው። የመጀመሪያ ቀን "የተቆረጠብህን የዊዝሆልድ ደረሰኝ አምጣ፣ ከግብርህ ይታሰብልሃል" አለኝ፣ የምን ደረሰኝ አልኩት፣ ራሱን ይዞ ዝም አለ። ተቀበሉ እሺ፣ ሲቆረጥባችሁ ደረሰኙን ሳትይዙ ከሂሳብ ክፍል አትውጡ፣ እኔ ኮምቦልቻ ሶስቴ ተመላልሼ ነው ያገኘሁት። ቲን አወጣልኝ፣ ንግድ ፈቃድም ጨረሰልኝ፣ ከዛ በኋላ በወሰድኩት ስራ ላይ 2 ፐርሰንት ብቻ ነው የተቆረጠብኝ፣ ከ30 ጋር አስተያዩት። ስዕሉን ሳልሸጥ ለህትመት ፈቃድ ብቻ ስሰጥ ደግሞ ሮያሊቲ ተብሎ ያኔ 5 ፐርሰንት ነበር የሚቆረጠው፣ ይሄን ለይቶ አስረድቶኛል፣ ይሄንን ሌላ ቦታ የነገረኝ አልነበረም። እስከዚህ ጥሩ ነው። ግን እኔ ያኔ ደረጃ ሐ ነበርኩ፣ የሐ መክፈያ ከሐምሌ 1 እስከ 30 ነበር፣ አካውንታንታችን የደወለልኝ ሐምሌ 28 ማታ ነው፣ "ወረቀቶችህን ይዘህ ነገ በጠዋት ድረስ" ብሎ! በማግስቱ የነበረውን ሰልፍ አልነግራችሁም፣ ከኔ ፊት የነበሩት እትዬ ምሳቸውን ቋጥረው ነው የመጡት፣ እኔም አብሬ በላሁ። ንግድ ፈቃድ እድሳቱንም ታህሳስ 30 ሳያልፍ ራሴ ነኝ ያስታወስኩት። 2017 ላይ የገቢ ግብር አዋጁ ስለተሻሻለ እኔ የከፈልኩበትን ቁጥር ይዛችሁ አትሂዱ፣ የአሁኑን ጠይቁ፣ እሱን እንኳን ሲጠየቅ ያውቃል፣ ችግሩ አለመደወሉ ነው።

ዋጋው እኔ በከፈልኩበት ጊዜ ምክር ብቻ 500፣ ደብዳቤ 1,500፣ ውል 3 ሺ ነበር፣ የማተሚያ ወረቀት ብለው ደግሞ 50 ብር ይጨምራሉ ይሄ አናደደኝ፣ 3 ሺ ከፍዬ ለወረቀት ምንድነው። ደረሰኝ ግን ሳይጠየቁ ይቆርጣሉ። ተማሪ ከሆናችሁ ወይ ገና ጀማሪ ከሆናችሁ ጋሼን በቀጥታ ንገሯቸው፣ አንዲት ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የመጣች ልጅ ምክሩን በነፃ ሲሰጧት አይቻለሁ፣ ለፀሀፊዋ ብትነግሩ ግን 500 ነው የምትላችሁ።

ስልክ አያነሱም። ቴሌግራም ላይ አንብበው ከሶስት ቀን በኋላ "እሺ" ብለው ይመልሳሉ፣ ለየትኛው ጥያቄ እሺ እንዳሉ ማወቅ የናንተ ፈንታ ነው። ጠዋት ፍርድ ቤት ስለሚውሉ ከ8 ሰዓት በኋላ ሂዱ፣ አርብ ከሰዓት ከጁምዓ በኋላ ቆየት ብለው ነው የሚከፍቱት። መብራት ከሌለ ማተም የለም፣ ወደ ሰኞ ገበያ አካባቢ ጄነሬተር ያለው ማተሚያ ቤት ፋይሉን ይዛችሁ መውረድ ነው፣ ፍላሽ ያዙ።

ከአምስት አራት ሰጥቻቸዋለሁ፣ አካውንታንቱን ብቻውን ቢሆን ሁለት ተኩል። ቲን ቁጥራችሁን፣ መታወቂያ፣ ሁለት ምስክርና የስራውን ፎቶ ስልካችሁ ላይ ይዛችሁ ሂዱ። ስዕሉን ራሱን እንዳትሸከሙት ብቻ፣ ደረጃው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ ይጠብባል፣ እኔ አንድ ሜትር ተኩል ሸራ ይዤ ወጥቼ ጥጉን የበረንዳው ብረት ቀዶብኛል፣ እሱን ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ የለም።